ገንፎ የሚበላሸው ምጣድ ላይ ነው

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ስለ ቁርስ ልጽፍ ነው፣ በተለይ ስለ ገንፎ። ባለፈው ሳምንት አንዷ የቢሮ ጓደኛዬ "ገንፎ በሰራሁ ቁጥር ይጓጉልብኛል፣ በቃ ትቼዋለሁ፣ ለልጆቼ ዳቦ በሻይ ነው የምሰጣቸው" ስትለኝ እውነት ለመናገር ቅር አለኝ። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ፣ ገብስ ደጃችን ላይ እየተሸጠ፣ ቅቤው ከመንዝ እየመጣ፣ ገንፎን እርግፍ አርጎ መተው! ዱቄቱን ከየት ነው የምታመጪው ስላት "ከሱቅ፣ የታሸገውን" አለችኝ። እኔ ደሞ ነገሩ ያለው እዛ ጋ ነው ባይ ነኝ። ብዙ ሰው ገንፎ ሲበላሽበት ማማሰል ስላልቻለበት ይመስለዋል፣ ክንዴ አቅም የለውም ይላል፣ ድስቱ ነው ይላል፣ እኔ ግን ስንት ጊዜ ተበላሽቶብኝ እንደገባኝ ገንፎ ድስት ጋ ሳይደርስ ገና ምጣድ ላይ ነው ወይ የሚያምረው ወይ የሚበላሸው።

የተወለድኩት መንዝ ነው፣ ከመሐል ሜዳ ትንሽ ወጣ ብሎ። እዛ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጤፍ አይሆንለትም፣ ጥቅምትና ህዳር ላይ ጠዋት ስትወጡ ውርጩ ሳሩን ጨው የተነሰነሰበት አስመስሎት ታገኙታላችሁ። ስለዚ ኑሯችን ገብስ ነው። እንጀራው ገብስ፣ ጠላው ገብስ፣ ቂጣው ገብስ፣ ቆሎው፣ በሶው፣ ገንፎው ገብስ። በልግ ጣለ አልጣለ ብሎ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ የሚያየውም ለገብስ ነው። እና ለእኛ ገብስ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ነጩ አለ፣ ጥቁሩ አለ፣ ሰነፍ ገብስ የሚባለው ደሞ ቶሎ ስለሚቆላና ገለባው ስለማያስቸግር ለቆሎ ነው የሚፈለገው። እማዬ ለገንፎ ነጩንና ፍሬው ሞላ ያለውን ነበር የምትለየው፣ ጥቁሩን ለጠላ ታስቀምጠዋለች።

እማዬ ገብስ የምታምስ ቀን ከሩቅ ነበር የሚታወቀን። በጎቹን ይዘን ስንመለስ ገና ከወንዙ ማዶ እያለን ሽታው ይቀበለናል፣ እና ሩጫ ነው፣ ምክንያቱም ምጣዱ ጋ ቀድሞ የደረሰ ልጅ ትኩስ አሻሮ በእፍኙ ይሰጠዋል። ግን ገብሱ ምጣድ ላይ እስኪወጣ ድረስ ስንት ነገር አልፎ መሰላችሁ። መጀመሪያ ይለቀማል፣ ጠጠሩ ይወጣል፣ እንክርዳዱ ይወጣል (እንክርዳድ ቀልድ አይደለም፣ ዱቄቱን ከማምረሩም በላይ ራስ ያዞራል)። ከዛ ትንሽ ውሃ ይርከፈከፍበትና ሙቀጫ ውስጥ ገብቶ በዘነዘና ይፈተጋል። ውሃው ገለባውን ስለሚያላላው ፍሬው ሳይሰበር ልብሱን ብቻ ያወልቃል። ይሰጣል፣ ሲደርቅ በሰፌድ ይበጠራል፣ ያልለቀቀው ተመልሶ ሙቀጫ ይገባል። ፍትጊያውን እዘለዋለሁ ካላችሁ በኋላ የምታገኙት የገንፎ ስንጥር ነው፣ ተረቱ ላይ ያለው ስንጥር በከንቱ አልመጣም፣ ለስላሳ ነው ብላችሁ ያለ ሃሳብ ስትውጡት ጉሮሮ ላይ ቸክ የሚለው የገብስ ገለባ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ማመስ።

እሳቱ መካከለኛ ይሆናል፣ ምጣዱ የሸክላ ቢሆን ይመረጣል፣ ቀስ ብሎ ስለሚግልና ሙቀቱን እኩል ስለሚይዝ። እኔ አሁን ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው የማምሰው፣ በጣም ጥሩ አርጎ ይሰራል፣ መብራት ካልጠፋ ማለቴ ነው። ገብሱ ባንዴ ብዙ አይደረግም፣ የምጣዱን ፊት ሳሳ አርጎ የሚሸፍን ያህል ብቻ፣ እጅ ደሞ አያርፍም፣ ሳያቋርጡ ማገላበጥ ነው። እማዬ ገብሱን በዓይኗ አይደለም የምትከታተለው፣ ማድቤቱ ጨለማ ነበር፣ ጭሱም አለ፣ በጆሮዋ ነው። መጀመሪያ ገብሱ ዝም ይላል፣ ውስጡ ያለው እርጥበት እየወጣ ነው። ከዛ እዚም እዛም ጣ... ጣ... ማለት ይጀምራል። ከዛ ባንዴ ይንጣጣል፣ በረዶ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ እንደሚሰማው ነው። ያ መንጣጣት ረገብ ማለት ሲጀምር "በይ ሰፌዱን" ትለኛለች፣ በዛች ቅጽበት የወጣው ገብስ ነው የገንፎ ገብስ። ቀለሙ ገና ወርቅማ ነው፣ ቡናማ አልሆነም። አንድ ፍሬ በጥርስ ሰብራችሁ እዩት፣ ውስጡ ገና የጥሬ ዱቄት ጣዕም ካለው ይመለስ፣ ከሰበራችሁት በኋላ ወደ አፍንጫችሁ የዳቦ ቅርፊት ሽታ ከመጣ ደርሷል። ለበሶ የሚሆነው ከዚህ በላይ ይቆያል፣ ጠቆር እስኪል፣ ምክንያቱም በሶ ሌላ እሳት አያገኝም፣ እዛው ምጣድ ላይ በስሎ ማለቅ አለበት።

ለምን ይሄን ያህል አስጨነቀሽ ካላችሁኝ፣ ዱቄት የፈላ ውሃ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚበስለው ውጭ ውጩ ነው፣ እሱ ሙጫ ይሆንና ውስጡ ያለውን ደረቅ ዱቄት ይዘጋበታል፣ ጓል ማለት ይሄ ነው። በደንብ የታመሰ ገብስ ግን ስታርቹ በእሳት ስለተሰበረ ያን ያህል አይጣበቅም፣ ውሃውን እኩል ይጠጣል። ጥሬ ዱቄት ይዛችሁ የፈለጋችሁትን ያህል ክንድ ቢኖራችሁ ትግል ነው። ጓደኛዬም ሁለት ዓመት ሙሉ የታገለችው ከዚህ ጋር ነው።

እኔም ያለፍኩበት ነው። ደብረ ብርሃን ስራ ይዤ ስመጣ የመጀመሪያ ዓመት አምስት ኪሎ ገብስ ገዝቼ፣ እቤት ማንም ሳያግዘኝ፣ ቅዳሜን ልጨርስበት ብዬ እሳቱን ከፍ አርጌ አመስኩት። ውጩ አረረ ውስጡ ጥሬ። ይሁን ብዬ ወፍጮ ቤት ወሰድኩት፣ ከእኔ በፊት ሽሮ ነበር የተፈጨው፣ ወፍጮው ሳይጠረግ የእኔን ደፋበት፣ ዱቄቴ ኮረሪማና ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሸተተ። በዛ ላይ ከወፍጮ እንደወጣ ትኩሱን በፌስታል ቋጥሬ አስቀመጥኩት። በሳምንቱ ስከፍተው አልቦ ሻግቷል። አምስት ኪሎ ገብስ! እቤቴ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ስለ ብሩ አይደለም፣ እማዬ ዘንድ አንድ ቀን እህል ሲደፋ አይቼ ስለማላውቅ ነው። ከዛ ወዲህ ወፍጮ ቤት ቀድሜ ጠይቄ ነው የምሄደው፣ ከእኔ በፊት ስንዴ ወይ ገብስ የተፈጨበትን ሰዓት፣ መጀመሪያ የሚወጣውን ሁለት እፍኝ ያህል ዱቄት ለብቻው አስወጣዋለሁ፣ ቤት ስገባ ደሞ ዱቄቱን ንጹህ አንሶላ ላይ ዘርግቼ እስኪቀዘቅዝ አሳድረዋለሁ። ከዛ በኋላ ነው እቃ ውስጥ የሚገባው።

የታሸገ ዱቄት ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ጥሩም አለው። ሲታመስ አላየሁትም ነው የምለው። የግድ እሱን የምትጠቀሙ ከሆነ ከመስራታችሁ በፊት ደረቅ ድስት ላይ አርጋችሁ በቀስታ እሳት አምስት ደቂቃ ያህል እያገላበጣችሁ አሙቁት፣ ሽታው እስኪለወጥ። ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ብዙ እህል የተደባለቀበት የልጆች ምጥን ዱቄት ላይ ደሞ አንድ ነገር ልበል፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ አጃ፣ ሽምብራ፣ አተር ሁሉንም ባንድ ምጣድ ደፍቶ ማመስ ስህተት ነው። አጃው ቀጭን ነው ቶሎ ያርራል፣ ሽምብራው ገና አልሞቀም። ለየብቻ ታምሶ ነው የሚደባለቀው፣ አድካሚ ነው አውቃለሁ፣ ግን ልጅ የሚበላው ነው እኮ።

እሺ ድስቱ ጋ እንሂድ። ለሁለት ብርጭቆ ዱቄት ከሶስት እስከ አራት ብርጭቆ ውሃ፣ ዱቄቱ የሚጠጣው ስለሚለያይ። ውሃው ጨው ተደርጎበት በደንብ ይፍላ። እዚህ አገር አንድ የማንረሳው ነገር አለ፣ ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ መቶ አይደርስም፣ ስለዚ ቆላ ካለ ሰው ይልቅ እኛ ትንሽ መቆየት አለብን፣ የአዳማ ሰው በሰራው ቪዲዮ ደቂቃ ቆጥራችሁ ብታወጡት ጥሬ ነው። ሲንተከተክ አንድ ብርጭቆ ያህሉን ቀድታችሁ ጎን ላይ አስቀምጡ። ከዛ ዱቄቱን መሃሉ ላይ ክምር አርጋችሁ ጨምሩት፣ አታማስሉት ገና! በማማሰያው እንጨት መሃሉን ብሱትና ክዳኑን ገጥማችሁ እሳቱን ቀንሱ። ውሃው በዛች ቀዳዳ ቡፍ ቡፍ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ ዱቄቱን ከስርም ከላይም ያበስለዋል። አስር ደቂቃ ያህል ተዉት። ከዛ ነው ጉልበት የሚመጣው፣ ድስቱን ከእሳት አውርዳችሁ፣ በጨርቅ ይዛችሁ፣ ከጠርዝ ወደ መሃል እየጨፈለቃችሁ ማማሰል፣ ሲጠነክር ካስቀመጣችሁት ሙቅ ውሃ ጠብ ጠብ እያረጋችሁ። ቀዝቃዛ ውሃ በፍጹም እንዳትጨምሩ። ከዛ መልሳችሁ ጥዳችሁ ክዳን ገጥማችሁ በእንፋሎት አምስት ደቂቃ፣ ደሞ ማማሰል፣ ደሞ መክደን። ሶስት ጊዜ እንደዛ ሲሆን ገንፎው ከድስቱ ግድግዳ ራሱን ችሎ ይለቃል፣ ፊቱ ማብረቅ ይጀምራል። ጣታችሁን ውሃ ነክራችሁ ነካ አርጉት፣ ካልተጣበቀ አልቋል።

አንዳንዱ ሰው ደሞ ዱቄቱን ትንሽ ትንሽ እየነሰነሰ ወዲያው እያማሰለ ነው የሚሰራው፣ እህቴ እንደዛ ነው የምትሰራው፣ ይሆንላታል። እኔ እማዬ ያሳየችኝን ነው የምወደው ምክንያቱም ክንድ ይቆጥባል።

ማማሰያዬ ከእማዬ የመጣ ነው፣ የወይራ ነው። እማዬ ግራኝ ስለሆነች እንጨቱ ጫፉ ላይ ወደ አንድ ጎን ተበልቷል፣ ማንኪያ ሆኖ የተጠረበ ይመስላል። እኔ ደሞ በቀኝ እጄ ስለሆነ የማማስለው መጀመሪያ አልተመቸኝም ነበር፣ አሁን ገልብጬ እይዘዋለሁ፣ በዛኛውም በኩል ትንሽ ትንሽ እየሟሸሸ ነው።

አቀራረቡ። ጣባ ካላችሁ በጣባ፣ ከሌላችሁ ጎድጓዳ ሳህን፣ ውስጡን ቅቤ ቀባ ቀባ አርጋችሁ ገንፎውን ገልብጣችሁ ሳህኑን እያዞራችሁ ታንከባልሉታላችሁ፣ ድቡልቡል ብሎ ይለሰልሳል። መሃሉን በእርጥብ ማንኪያ ጀርባ ጎድጎድ፣ እዛ ውስጥ የተነጠረ ቅቤ፣ ቅቤው ውስጥ በርበሬ። ቅቤው ላይ ድርድር የለኝም፣ ኮሰረት፣ ኮረሪማና በሶብላ ገብቶበት የተነጠረ መሆን አለበት። ሚጥሚጣ የሚወዱ አሉ፣ ለእኔ ሚጥሚጣ የገብሱን ጣዕም ይውጠዋል፣ ድልህ ቀጠን ብሎ በቅቤ ሲሆን ነው የምወደው። ዙሪያውን እርጎ ማፍሰስም አለ፣ ከልጅነታችን የቀረ ነው፣ ትኩስና ቀዝቃዛው አፍ ውስጥ ሲገናኝ... ሞክሩት ብቻ።

አባታችን ገበታ ላይ አንድ ህግ ነበረው። ሁሉም ከፊት ለፊቱ ነው የሚቆርሰው፣ ከጠርዝ ጀምሮ ወደ ውስጥ፣ የቅቤውን ግድብ መጀመሪያ የጣሰ ቅቤው ወደ እሱ ስለሚፈስ የሌላውን ድርሻ እንደወሰደ ነው የሚቆጠረው። ስድስት ልጆች ነን። ግድግዳው እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ወረቀት ሲያክል ሁላችንም እጃችንን ሰብስበን እንተያያለን፣ ማንም አይነካም፣ አባባ ራሱ በአውራ ጣቱ ዙሪያውን እኩል ይነድለዋል፣ ቅቤው ለስድስታችንም ይደርሳል። ይሄን አሁን ለሁለቱ ልጆቼ አስተምሬያቸዋለሁ፣ ትንሿ ገና አራት ዓመቷ ነው፣ ከፊቷ ስትቆርስ ምላሷን አውጥታ ነው የምትጠነቀቀው።

ስለ ልጆች ካነሳሁ፣ የመጀመሪያዬን ስወልድ እማዬ ከመሐል ሜዳ ሌሊት ተነስታ በመኪና መጣች፣ ስልቻ ሙሉ የገብስ ዱቄትና አንድ ቅል ቅቤ ይዛ። ጎረቤቶቼ ሁሉ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እያሉ ሲገቡ ለሁሉም ገንፎ ነው፣ ቤቱ ቅቤ ቅቤ ይላል፣ እኔ ተኝቼ ማማሰያው ድስት ሲመታ እሰማለሁ። እዛው ሰሞን ነው አማቴም የመጡት፣ የሸዋ ሮቢት ሰው ናቸው፣ እና እዚህ ጋ ነው ሌላ ትምህርት ያገኘሁት።

ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት በመንገድ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ግን ጣርማ በር ዋሻውን አልፋችሁ፣ ጉሙን ለቃችሁ፣ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ፣ ሮቢት ስትደርሱ ከ1,500 ሜትር በላይ ወርዳችኋል፣ ጃኬታችሁን አውልቃችኋል፣ እህሉም ሌላ ነው። እዛ ማሽላ ነው። አማቴ ገንፎ የሚሉት የማሽላ ነው፣ የገብሱን ሲቀምሱ በትህትና በልተው "ልጄ፣ ይሄ አይከብድሽም ወይ ለአራስ ሆድ?" አሉኝ። እማዬ ደሞ የማሽላውን አይታ "ይሄማ አይያያዝም፣ ይፈረከሳል" አለች፣ ቀስ ብላ፣ እሳቸው እንዳይሰሙ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ማሽላ የገብስን ያህል አይለጠጥም፣ ሸካራ ነው፣ ሲቆረስ ይበጠሳል። ገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል ውሃ ይዞ የሚወፍር ፋይበር አለ፣ አጃ ውስጥም አለ፣ ያ ነው ገንፎውን የሚያያይዘው፣ ሆድ ውስጥም ቀስ ብሎ የሚሄደው እሱ ስላለ ነው፣ ስኳር ባንዴ እንዳይወጣ ያደርጋል፣ ኮሌስትሮልም ይቀንሳል። ብርድ ላይ ለሚያርስ ሰው ገብስ እስከ ቀትር የሚይዘው ለዚህ ነው። አማቴ ግን ማሽላውን እንዴት እንደሚያለሰልሱት አሳዩኝ፣ ዱቄቱ በጣም ደቆ ሁለቴ ይነፋል፣ ውሃው ይበዛል፣ ከእሳት ሲወርድ ደሞ ትኩስ ወተት ጠብ ይደረግበታል። ቅቤው መሃል ላይ ሳይሆን ገንፎው ውስጥ አብሮ ይማሰላል። እስቲ ብዬ ገብሱን ሁለት እጅ ማሽላውን አንድ እጅ አርጌ አደባለቅኩት፣ ባለቤቴ ሲበላው ዝም ብሎ ሳህኑን ጠረገው፣ እና ከዛ ወዲህ ቤታችን የቅዳሜ ገንፎ እሱ ነው። እማማ ሲመጡ ማሽላው ይበዛል፣ እማዬ ስትመጣ ገብሱ።

በስራ ቀን ግን ገንፎ የለም፣ ማን ሰዓት አለው። ሰኞና ማክሰኞ በሶ ነው። አንድ ሃይላንድ ውሃ ውስጥ ሶስት ማንኪያ በሶ፣ ትንሽ ማር፣ መነቅነቅ፣ መንገድ ላይ እየጠጣችሁ ቢሮ ትደርሳላችሁ። ጭብጦ ከፈለጋችሁ ደሞ ቅቤ፣ ጨውና በርበሬ አርጋችሁ በትንሽ ውሃ ማሸት ነው፣ ውሃው ከበዛ ይላቁጣል፣ ጠብ ጠብ እያረጋችሁ። ባለቤቴ ከከተማ ወጣ ብሎ ሲሰራ ሁለት ሶስት ጭብጦ በጨርቅ ጠቅልዬለት ነው የሚሄደው፣ አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም፣ የድሮ ዘማች ሁሉ ስንቁ በሶ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። ቆሎ የሚቆረጥመው ከደብረ ሲና ያመጣል፣ አውቶቢስ ሲቆም በመስኮት የሚሸጡትን፣ ወደ ወሎ መስመር የሄደ ሰው ያውቀዋል።

ረቡዕ ጾም ነው፣ አርብም፣ ስለዚ በእኛ ቤት ጠዋት የሚበላው ለልጆቹ ብቻ ነው። ለጾም ገንፎ ቅቤውን የሚተካው ተልባ ነው፣ ታምሶ ተወቅጦ ተነፍቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ ትንሽ ጨው ገብቶበት፣ በርበሬው ላይ ሲፈስ። ይሄ ምትክ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ ከሰዓት ስትገቡ በባዶ ሆድ ላይ እንደ ተልባ ገንፎ የሚያርፍ ነገር የለም፣ ቅዝዝ ያለውን ሆድ ቀስ ብሎ ነው የሚከፍተው። ዘይትና በርበሬ ብቻ የሚያረጉም አሉ፣ ይበላል፣ ግን ተልባው ይሻላል።

ቅንጬ ሐሙስ። ከሞረትና ጅሩ ስንዴ ነው የምገዛው፣ ፍሬው ሙሉ ነው፣ ወፍጮ ላይ ሸርክትልኝ እላለሁ፣ ነፍቼ ዱቄቱን ለቂጣ ሻካራውን ለቅንጬ። ማታውኑ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌው ካደርኩ ጠዋት በሃያ ደቂቃ ይደርሳል። ቅንጬ ላይ የሚሰራው ስህተት አንድ ነው፣ ሰው ደጋግሞ ያማስለዋል፣ ይላቁጣል። ውሃውን ልክ አርጉ፣ ክደኑት፣ ተዉት። እሱን የሚያጅበው ሻይ ደሞ የጦስኝ ነው፣ ከጓሳ በኩል ከሚመጡ እናቶች ነው የምገዛው፣ ደረቁን ጭብጥ ቀንጠብ አርጌ ፈልቶ ሲወርድ ጨምሬ እከድነዋለሁ፣ ስኳር ባይገባበትም ይጠጣል። እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ግን ምንም ቁርስ አይሰራም፣ ልጆቹ እንጎቻቸውን በዘይትና በርበሬ ጠቅልለው እየበሉ ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት፣ እኛም እንደዛው።

ያደረ ገንፎ ቢተርፋችሁ እንዳትደፉ። በማግስቱ በቢላ ስስ አርጋችሁ ቁረጡትና ብረት ምጣድ ላይ በትንሽ ቅቤ ሁለቱንም ጎን ጥበሱት፣ ውጩ ቁርጭም ቁርጭም ይላል ውስጡ ለስላሳ ነው። ትልቁ ልጄ ይሄን ከትኩሱ አስበልጦ ይወዳል፣ አንዳንዴ ማታ ላይ "እማ፣ ለነገ አትርፊ" ይላል።

ለጓደኛዬ ትናንት አንድ ኪሎ የራሴን ዱቄት ሰጠኋት። ዛሬ ጠዋት ስራ ስትገባ መጀመሪያ ያሳየችኝ ስልኳን ነው፣ የሳህኑን ፎቶ፣ ግድቡ ትንሽ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል ግን አንድ ጓል የለበትም። ገብሱን ራሷ ልታምስ ስለፈለገች ቅዳሜ ጠዋት እኔ ቤት ነን፣ ሰባት ኪሎ ተፈትጎ ተሰጥቷል፣ ጣራው ስር እየደረቀ ነው። እናንተም አካባቢያችሁ ሌላ አይነት አሰራር ካለ ጻፉልኝ፣ በተለይ ምንጃርና መርሐቤቴ ያላችሁ፣ የጤፍ ገንፎ የምትሰሩ ካላችሁ ውሃውን ስንት እንደምታረጉ ንገሩኝ። ቅዳሜ ጠዋት ግን መልስ አትጠብቁ፣ ምጣዱ ጋ ነኝ፣ እየሰማሁ ነው።